የበጋ የቤተሰብ ጉዞ በሞተርሆምና በታንኳ፦ ከሚዛን እስከ ውኃ ዳር

ሞተርሆምም (መኝታና ማብሰያ ያለው የቤት መኪና) ሆነ ታንኳ ይቅር የማይሉት ስህተት አንድ ነው፤ ያለ ልክ መጫን፣ የጫኑትንም ያለ ቦታው ማስቀመጥ። መንገድ ላይ የሚፈነዳው ጎማ፣ ዳገት ላይ የሚቀለው መሪ፣ ሐይቅ ላይ የሚገለበጠው ታንኳ ብዙውን ጊዜ መነሻቸው ደጃፍ ላይ ዕቃ ሲጫን የተሠራ ስህተት ነው። ስለዚህ መመሪያው ከሚዛን ይጀምራል። ቦታ መምረጡም ስንቅ ማዘጋጀቱም ከዚያ በኋላ ይደርሳል። የተጻፈው ሁለት አዋቂና ሁለት ልጆች ይዞ ለመጀመሪያ ወይም ለሁለተኛ ጊዜ ለሚወጣ ቤተሰብ ነው።

መኪናውን መዝኑ

ከጉዞው 2 ሳምንት በፊት ጀምሩ። በሞተርሆሙ የሹፌር በር ጥግ ወይም በሞተሩ ክዳን ሥር የተለጠፈ ሰሌዳ አለ። የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት፣ በፊት ጎማዎችና በኋላ ጎማዎች ላይ ሊያርፍ የሚችለው ከፍተኛ ክብደትም ለየብቻ ተጽፎበታል። ሦስቱን ቁጥሮች ገልብጣችሁ ያዙ፤ ከዚያ መኪናውን ባዶውን ወስዳችሁ በጭነት መኪና ሚዛን አስመዝኑት። የሻጩን ወረቀት ብቻ አትመኑ። በኋላ የተገጠመው ሶላር፣ የጥላ ሸራ፣ ተጨማሪ ባትሪ በዚያ ወረቀት ላይ የለም።

ሂሳቡን በምሳሌ እንየው። ገደቡ 3,500 ኪ.ግ. ነው፤ ባዶው መኪና 3,000 ሆነ እንበል። የቀራችሁ 500 ኪ.ግ. ነው፤ ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። ሁለት አዋቂ 140፣ ሁለት ልጆች 70፣ ሙሉ የውኃ ጋን 100 (1 ሊትር ውኃ 1 ኪ.ግ. ነው)፣ ሁለት የጋዝ ሲሊንደር 50፣ ታንኳ 32፣ መቅዘፊያና የሕይወት ጃኬቶች 12፣ ወንበርና ጠረጴዛ 30፣ ምግብ 40፣ ልብስና መኝታ 50። ድምሩ 524 ኪ.ግ.፤ ገና ብስክሌት ሳይነሳ በ24 ኪ.ግ. አልፋችኋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ጋኑን ሙሉ አድርጎ መንዳት ይቅር፤ ለመንገድ 20 ሊትር ይበቃል፣ የቀረው ከመድረሻው ይቀዳል። በዚህ ብቻ 80 ኪ.ግ. ወረደ።

ቀጥሎ የሚመጣው አቀማመጥ ነው። ከኋላ ጎማ ወዲያ ተርፎ የሚወጣው የመኪናው ጭራ እንደ ሚዛን ዘንግ ይሠራል። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል 4 ሜትር ያለው መኪና ከኋላ ጎማው 2 ሜትር ወዲያ 60 ኪ.ግ. ቢሰቀልበት፣ የኋላ ጎማዎቹ የሚሸከሙት 60 ሳይሆን 90 ይሆናል፤ ከፊት ጎማዎች ላይ ደግሞ 30 ኪ.ግ. ይነሳል። ፊቱ የቀለለ መኪና በዝናብ መሪው አይያዝም፣ ፍሬኑም ይዘገያል። ስለዚህ ጣሳ ምግብ፣ የመሣሪያ ሳጥን፣ የመጠጥ ውኃ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ከላይ ባለው ቁም ሳጥን ልብስ፣ ፎጣና ብስኩት እንጂ ድስት አይወጣም። ሁሉም ከተጫነ፣ ሁሉም ሰው ከገባ በኋላ እንደገና ሚዛን ላይ ውጡ፤ በዚህኛው ጊዜ የፊትና የኋላ ጎማዎች ለየብቻ ይመዘኑ።

ጎማ፣ ውኃ፣ ጋዝ፣ ባትሪ

ሞተርሆም ዓመቱን ሙሉ ቆሞ በበጋ የሚነሳ መኪና ነው። ጎማው በመሄድ ሳይሆን በመቆም ያረጃል፤ ጥርሱ አዲስ መስሎ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ የተለመደ ነው። የጎማው ጎን ላይ ባለው የምርት ኮድ መጨረሻ 4 አሃዞች አሉ፤ 2319 ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። 6 ወይም 7 ዓመት ያለፈውን፣ ጥርሱ ቢያምርም፣ ከቤተሰብ ጋር ረጅም መንገድ አትሂዱበት። ንፋሱ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ሳትነዱ ነው። መጠኑም በሚዛን ካገኛችሁት ክብደት ጋር የሚስማማ ይሁን።

የውኃውን ጋን ለማጽዳት ሽታ ያልተቀላቀለበት ተራ በረኪና (5 በመቶ ያህል) ውሰዱ። ለእያንዳንዱ 1 ሊትር የጋኑ መጠን 1 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ለ100 ሊትር ጋን 100 ሚሊ ሊትር ይበቃል። በረኪናውን በባልዲ ውኃ በጥብጣችሁ ጨምሩ፣ ጋኑን ሙሉት፣ እያንዳንዱን ቧንቧ የቀዝቃዛውንም የሙቁንም የበረኪናው ሽታ እስኪመጣ ክፈቱ፣ ዝጉ። ከ4 ሰዓት በላይ ይቆይ። ከዚያ አፍስሳችሁ ሽታው እስኪጠፋ ሁለት ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁ። በረኪናን ከሆምጣጤ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ ጋር በፍጹም አታገናኙ፤ መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል።

ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወደ ታች ወርዶ ወለል ላይ ይተኛል። የሲሊንደሩ ሳጥን ወለል ላይ የተተወው ቀዳዳ የተሠራው ለዚህ ነው፤ አቧራ ይገባል ብሎ በጨርቅ የሚደፍን ሰው ቤቱን ቦምብ ያደርገዋል። ሬጉሌተሩን ካሰራችሁ በኋላ ሳሙና የበዛበት ውኃ በብሩሽ መጋጠሚያዎቹ ላይ ቀቡ። አረፋ ካበጠ ያፈስሳል፤ አጥብቃችሁ ድገሙ፣ ካልቆመ ቱቦው ይለወጥ። ሌሊቱ የሚቀዘቅዝበት ቦታ ከሄዳችሁ ፕሮፔን ያዙ፤ ቡቴን 0 ዲግሪ አካባቢ መትነኑን ስለሚያቆም ሲሊንደሩ ሙሉ ሆኖ ምድጃው አይነድም። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ በመኝታው አጠገብ ይኑር። ምድጃ አብርቶ ቤት ማሞቅ ክልክል ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው አይነቃበትም።

ባትሪውን በቮልት መለኪያ እዩት። ተራው የእርሳስና አሲድ ባትሪ ጥቂት ሰዓት አርፎ ሲለካ 12.7 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ላይ ግማሽ ቀርቶታል። ከግማሽ በታች ደጋግሞ ማውረድ ዕድሜውን ይበላዋል፤ ስለዚህ 100 አምፔር-ሰዓት የተጻፈበት ባትሪ ለእናንተ 50 ነው። በጋዝም በኤሌክትሪክም የሚሠራው ዓይነት ፍሪጅ በ12 ቮልት ሲሠራ ከ10 እስከ 14 አምፔር ስለሚወስድ፣ መኪናው ቆሞ በባትሪ ከተተወ በ4 ወይም በ5 ሰዓት ውስጥ ድርሻችሁን ይጨርሰዋል። በ12 ቮልት የሚሠራው ሞተር ሲነሳ ብቻ ነው፤ ቆሞ ሲያድር ወደ ጋዝ አዙሩት።

ታንኳውን መጫን

እዚህ ላይ ሳትቸኩሉ አስቡ። አራት ሰው የሚይዝ 5 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ታንኳ ከፕላስቲክ ከተሠራ ከ30 እስከ 40 ኪ.ግ. ይመዝናል። ጣሪያው መሬት ላይ ካለ ሰው በላይ 1 ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ያለ ነው። ያውም ታንኳ የሚሸከም ፖርቶመጋላ የሌለው የሞተርሆም ጣሪያ ቀጭን ቆርቆሮ ወይም ፋይበር ነው፤ ክብደቱ በፖርቶመጋላው እንጂ በጣሪያው ላይ አያርፍም። ሁለት ጠንካራ አዋቂ ከሌላችሁ፣ ወይም ፖርቶመጋላው ለጭነት ካልተሠራ፣ ምክራችን ግልጽ ነው፤ በንፋስ የሚሞላ ጥሩ ታንኳ ግዙ። ከ15 እስከ 20 ኪ.ግ. ይመዝናል፣ ተጣጥፎ በመጫኛው ውስጥ ይገባል፣ ለተረጋጋ ሐይቅ ከበቂ በላይ ነው። ፀሐይ ላይ ሲውል አየሩ ስለሚሰፋ ዳር ላይ ሲያርፍ ጥቂት ንፋስ አስወጡለት፤ አለዚያ በስፌቱ ይፈነዳል።

ደረቁን ታንኳ የሚጭን ሰው ይህን ተራ ይከተል።

1. ሁለቱ አግዳሚ ብረቶች ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ይራራቁ፤ ከዚያ ካነሰ ንፋስ ሲመታው ታንኳው እንደ ሚዛን ዘንግ ይወዛወዛል። ሶላርና የጣሪያ መስኮት አለመነካታቸውን አስቀድሙ።

2. ከመኪናው ጀርባ አሮጌ ምንጣፍ በጣሪያው ጠርዝ ላይ አንጥፉ። የታንኳውን አፍንጫ በምንጣፉ ላይ አሳርፋችሁ፣ አንዱ ከታች ሲገፋ ሁለተኛው ከመሰላል ላይ እየተቀበለ ያንሸራትተው። ልጆች በዚህ ሰዓት ከመኪናው 5 ሜትር ይራቁ።

3. ታንኳው የሚቀመጠው በአፉ ተደፍቶ ነው። መሃሉ ከመኪናው መሃል መስመር ጋር ይግጠም።

4. በእያንዳንዱ አግዳሚ ብረት ላይ አንድ የጭነት ማሰሪያ ይለፍ፤ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ፖሊስተር። ናይሎን ዝናብ ሲነካው ስለሚለጠጥ ከ50 ኪ.ሜ. በኋላ ማሰሪያው ላልቶ ታገኙታላችሁ። በእጅ የሚሳበውን መቆንጠጫ ተጠቀሙ እንጂ በብረት ዘንግ እየተወጠረ የሚጠብቀውን አትውሰዱ። የኋለኛው ኃይለኛ ስለሆነ የታንኳውን ጠርዝ ያጎብጣል፤ አንዳንዴም ይሰብራል።

5. ማሰሪያው ከታንኳው ጎን ጋር ተጣብቆ ይውረድ፤ በብረቱ ጫፍ በኩል ርቆ ከወረደ ታንኳው ወደ ጎን ይንሸራተታል። ከመጠበቁ በፊት ማሰሪያውን አንድ ዙር አዙሩት። ያልዞረ ማሰሪያ በንፋስ እየተንቀጠቀጠ መኪናው ውስጥ እንደ ከበሮ ይጮኻል።

6. ከአፍንጫውና ከጭራው ገመድ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ እያንዳንዱ ለሁለት ተከፍሎ እንደ ቪ ፊደል ይታሰር። ማሰሪያዎቹ ታንኳውን ወደ ታች ይይዙታል፤ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት እንዳይወረወር የሚይዘው ግን ይህ ገመድ ነው። የተረፈው ጫፍ ተጠቅልሎ ይታሰር፤ በነፋስ የሚገረፍ ገመድ ቀለም ይፍቃል።

ሲያልቅ ከመሰላሉ ላይ ሆናችሁ የታንኳውን አፍንጫ ያዙና በኃይል ወዝውዙት። መኪናው አብሮ ከተወዛወዘ ታስሯል። ታንኳው ብቻውን ከተነቃነቀ ፍቱና እንደገና ጀምሩ። ከተነሳችሁ 15 ኪ.ሜ. ያህል በኋላ ቆማችሁ አጥብቁ፤ ከዚያም በቆማችሁበት ቦታ ሁሉ እጃችሁን ማሰሪያው ላይ ጣሉ።

አሁን ቁመቱን ለኩ። መኪናው 3 ሜትር ከሆነ ታንኳው ግማሽ ሜትር ጨመረበት፤ 3.5 ሜትር። ቁጥሩን በትልቁ ጽፋችሁ ሹፌሩ ፊት ለፊት ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፉ። ድልድይ ሥር ወይም ነዳጅ ማደያ ጣሪያ ሥር ሲደረስ ከማስታወስ ይልቅ ማንበብ ይሻላል።

መንገድ ላይ

ከልጆች ጋር በቀን ከ3 እስከ 4 ሰዓት መንዳት በቂ ነው። አንድ ቦታ ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩ። በየቀኑ ቦታ የሚለውጥ ቤተሰብ ጊዜው በማሰርና በመፍታት ያልቃል። ፀሐይ ከመጥለቋ 3 ሰዓት በፊት ድረሱ፤ ቦታ ማስተካከል በብርሃን ግማሽ ሰዓት፣ በጨለማ ጭቅጭቅ ነው።

ሰው ሁሉ በተቀመጠበት የደህንነት ቀበቶ ይታሰራል። መኪናው ሲሄድ አልጋ ላይ መተኛት፣ ወደ ፍሪጅ መነሳት የለም። ታናሽየው ልጅ በዕድሜውና በቁመቱ የሚስማማ የልጅ መቀመጫ ያስፈልገዋል፤ መቀመጫው በየትኛው የሞተርሆሙ ወንበር ላይ መታሰር እንደሚችል ከጉዞው በፊት ሞክሩት፤ የጎን ወንበሮች አይሆኑም። የጋዙ ሲሊንደር እየተነዳ ይዘጋል።

ሲታጠፉ የሚረሳው ጭራው ነው። መሪው ወደ ግራ ሲዞር ከኋላ ጎማ ወዲያ ያለው አካል ወደ ቀኝ ይወጣል፤ ረጅም ጭራ ባለው መኪና እስከ ግማሽ ሜትር ይደርሳል። ከነዳጅ ማደያ ስትወጡ ምሰሶውን የሚገጨው እሱ ነው። ቀስ ብላችሁ 2 ሜትር ያህል ቀጥ ብላችሁ ከሄዳችሁ በኋላ እጠፉ፣ ስፖኪዮውን በተቃራኒው ጎን ተመልከቱ። ወደ ኋላ ስትሄዱ አንድ ሰው ወርዶ ከሹፌሩ ስፖኪዮ ውስጥ በሚታይበት ቦታ ይቁም። ሹፌሩ ካላየው ይቁም እንጂ አይሂድ።

ቦታ መያዝ

ለሐይቅ ዳር ውበት ብላችሁ ዝቅተኛና ለስላሳ መሬት ላይ አትግቡ። ሦስት ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና በእርጥብ ሳር ላይ ጠዋት ገብቶ ማታ ዝናብ ሲጥል ይሰምጣል። በፊት ጎማ የሚነዳ ከሆነ መውጫችሁ ወደ ቁልቁል ይሁን። ጎማው መዞር ከጀመረ ወዲያው አቁሙ፤ እየዞረ ጉድጓዱን ያሰፋዋል እንጂ አያወጣችሁም። ሁለት የመወጣጫ ሳንቃ ወይም ከጎማ የተሠራ ምንጣፍ ከጎማው ሥር አስገብታችሁ በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ ብላችሁ ውጡ።

ከዚያ አስተካክሉት። ውኃ ልክ ወለል ላይ፣ አንዴ በረዥሙ አንዴ በጎን፣ አስቀምጡና የዘቀጠውን ጎማ በመወጣጫው ላይ አውጡት። ይህ ለምቾት ብቻ አይደለም። በጋዝ የሚሠራው ፍሪጅ ፓምፕ የለውም፤ በውስጡ ያለው አሞኒያ በራሱ ክብደት ወርዶ መዞር አለበት። ከ3 ዲግሪ በላይ ካዘነበለ ፈሳሹ አንድ ቦታ ይከማቻል፣ ማቀዝቀዙም ይቆማል። ብዙ ሰው ፍሪጁ ተበላሸ ብሎ ወደ ጥገና የሚወስደው ይህን ሳያረጋግጥ ነው። ፍሪጁ ከጉዞው 12 ሰዓት በፊት ይብራ፣ ቀድሞ የቀዘቀዘ ዕቃም ይግባበት።

የእጅ ፍሬን ተይዞ በጎማዎቹ ሥር ታኮ ይግባ፤ ጋዙ ይከፈት፤ የኤሌክትሪክ ገመዱ ይሰካ። የጥላ ሸራውን ሁልጊዜ አንዱን ጥግ ዝቅ አድርጋችሁ ወጥሩ፤ ዝናብ ሲመጣ ውኃው በዚያ ይፈስሳል። ከቦታው ስትርቁና ሌሊት ስትተኙ ጠቅልሉት፤ አንድ ድንገተኛ ነፋስ ሸራውን ከነክንዱ ገንጥሎ ጣሪያው ላይ ይጥለዋል።

ውኃ ላይ

መጀመሪያ የሕይወት ጃኬት። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፣ ለአዋቂውም ጭምር፤ አባት ያልለበሰውን ልጅ አይለብስም። ለልጅ የሚገዛው በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነው። በውስጡ የተሰፋው ምልክት ላይ ከስንት እስከ ስንት ኪ.ግ. እንደሚይዝ ተጽፏል። መዋኘት ለማይችል ልጅ 100 ኒውተን (የማንሳፈፍ ኃይል መለኪያ ነው) የሚለውን፣ አንገቱ ላይ ኮሌታ ያለውን፣ በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ቀበቶ ያለውን ምረጡ። 50 ኒውተን የሚለው መዋኘት ለሚችል ሰው የተሠራ ማገዣ ነው።

ልኩን እንዲህ ትፈትናላችሁ። ልጁን አልብሱት፣ ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ሁሉንም መቆለፊያ ዝጉ፣ ማሰሪያዎቹን ሳቡ። ከዚያ ሁለቱን እጆቻችሁን በጃኬቱ ትከሻ ሥር ከትታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አንሱት፤ ልጁም ክንዱን ወደ ላይ ያንሳ። ጃኬቱ ወጥቶ አገጩን ካለፈ፣ ጆሮው ከተደበቀ፣ ውኃ ውስጥም የሚሆነው ያው ነው፤ ልጁ ከጃኬቱ ሾልኮ ይወርዳል። ማሰሪያውን አጥብቁ፣ ድገሙ፤ አሁንም ከወጣ ትልቅ ነውና በሌላ ለውጡ። ‘ለሚቀጥለው ዓመት ይሆነዋል’ ብሎ መግዛት በጃኬት አይሠራም። ከዚያ ወገብ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ልጁን ይዛችሁ አንሳፉት፤ የጃኬቱን ስሜት አስቀድሞ ያወቀ ልጅ ሲወድቅ አይደነግጥም።

መቅዘፊያው እንደየሰው ቁመት ነው። ወንበር ላይ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፣ እጀታውን ወደ ታች አድርጋችሁ በጭኖቻችሁ መካከል ወንበሩ ላይ አቁሙት፤ ሰፊው ክፍል የሚጀምርበት አንገቱ በአገጭና በአፍንጫ መካከል ከደረሰ ልካችሁ ነው። አንድ ትርፍ መቅዘፊያ ታንኳው ውስጥ ይቀመጥ። ታቹ የተቆረጠ ጀሪካን ለውኃ መጨለፊያ፣ ስፖንጅ፣ 15 ሜትር የሚንሳፈፍ ገመድ፣ ለእያንዳንዱ ሰው በጃኬቱ ላይ የታሰረ ፊሽካ ይኑር። ስልክና ደረቅ ልብስ ውኃ በማያስገባ ከረጢት ይግቡ። ልጅን ከታንኳው ጋር በገመድ አትሰሩ፤ ታንኳው ከተገለበጠ ከሥሩ ያስቀረዋል።

ሲሳፈሩ ታንኳው ሙሉ በሙሉ ውኃ ላይ ይሁን። አፍንጫው ዳር ላይ ተቀምጦ ጭራው ሲንሳፈፍ በጣም በቀላሉ ይገለበጣል። አንድ ሰው ይዞ ሌላው አንድ በአንድ፣ ዝቅ ብሎ፣ ሁለቱን ጠርዞች በሁለት እጁ ይዞ፣ መሃሉን ረግጦ ይገባል። የበለጠ ልምድ ያለው አዋቂ ከኋላ ይቀመጣል፤ መሪው እሱ ነው። ሁለተኛው ከፊት። ልጆች መሃል ወለሉ ላይ፣ ከሥራቸው ስፖንጅ ምንጣፍ አድርገው ይቀመጡ፤ ከባዱ ልጅ ትንሽ ወደ ኋላ። ከዳር ሆኖ ያየ ሰው ታንኳው ልክ አግድም ወይም ከኋላ በጣም ጥቂት ዝቅ ያለ ሆኖ ያግኘው። ነፋስ ከፊት ከሆነ ግን አፍንጫው እንዳይገፋ ልጆቹ አንድ ስንዝር ወደ ፊት ይጠጉ። ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ በመሃል ጎን ከውኃው ወለል እስከ ጠርዙ ያለውን ለኩ፤ ከ15 ሳንቲ ሜትር ካነሰ ጭነቱ በዝቷል፣ አንድ ሰው ወይም ዕቃው ይውረድ።

ሁለቱ ቀዛፊዎች በተቃራኒ ጎን ይቀዝፋሉ፣ የኋላው የፊቱን ምት ይከተላል። እንዲያም ሆኖ ታንኳው ቀስ በቀስ ከኋለኛው ሰው መቅዘፊያ ተቃራኒ ይዞራል። ይህን የሚያስተካክለው ጄ ፊደልን የሚመስለው ቅዘፋ ነው። በመደበኛው መንገድ መቅዘፊያውን ወደ ኋላ ሳቡ፤ ወገባችሁን ሲያልፍ እጀታውን የያዘውን እጅ አውራ ጣት ወደ ታች አዙሩት፣ ሰፊውን ጫፍም ከታንኳው አርቃችሁ ወደ ውጭ ግፉት። አውራ ጣቱ ወደ ላይ ከዞረ ፍሬን ይሆንባችኋል፤ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለመልመድ አንድ ጠዋት ይፈጃል።

ጠዋት ውጡ። ከሰዓት በኋላ መሬቱ ሲሞቅ ነፋሱ ይነሳል። ስትወጡ ነፋሱን በፊታችሁ አድርጉ፤ ሲደክማችሁ እሱ ይመልሳችኋል። በተቃራኒው የሄደ ቤተሰብ በደከመ ክንድ ከነፋስ ጋር ይታገላል። ከልጆች ጋር በሰዓት 3 ኪ.ሜ. ገደማ ትሄዳላችሁ፤ ለመጀመሪያ ቀን መሄድ መመለሱ 2 ሰዓት አይለፍ። ከዳር 50 ሜትር አትራቁ፤ ሐይቁን በመሃል መቁረጥ ይቅር። ማዕበሉ ጫፍ ላይ ነጭ አረፋ መታየት ከጀመረ ጊዜው አልቋል፤ ተንበርከኩና በአቅራቢያው ወዳለው ዳር ግቡ። መብረቅ አይታችሁ ነጎድጓዱ ከ30 ሰከንድ በታች ከተሰማ ወዲያው ከውኃው ውጡ፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትመለሱ። ወንዝ ላይ ከሆነ፣ በወንዙ ላይ ተሻግሮ የተሠራ ዝቅተኛ የግድብ ግንብ ከሩቅ ሲታይ ከላይ የሚያስፈራ አይመስልም፤ ከሥሩ ያለው ውኃ ግን ወደ ኋላ እየተገለበጠ የወደቀውን ይይዛል፣ ጃኬት የለበሰውንም አይለቅም። ገና ድምፁ ሲሰማ ዳር ይዛችሁ ውጡና ታንኳውን በእግር ተሸክማችሁ እለፉት።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር፤ በመጀመሪያው ቀን፣ ደረት በሚደርስ ሙቅ ውኃ፣ ታንኳውን ሆን ብላችሁ ገልብጡት። ልጆቹ ሁሉም ጃኬት ለብሰው፣ አንድ አዋቂ ዳር ላይ ቆሞ። የተገለበጠ ታንኳ አይሰምጥም። ሁሉም በታንኳው ዙሪያ ይያዝ፣ አዋቂ ሁሉንም በስም እየጠራ ይቁጠር፣ ከዚያ አብራችሁ እየገፋችሁ ወደ ዳር ዋኙ። ትቶ መዋኘት የለም፤ ታንኳ ከሩቅ ይታያል፣ ጭንቅላት አይታይም። ውኃው ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ መጀመሪያ 1 ደቂቃ ያህል ትንፋሽ ያቋርጣል፣ ያን ጊዜ ከመዋኘት ይልቅ ትንፋሽን ማረጋጋት ነው። እጅና እግር የሚታዘዘው 10 ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ሰውነቱ እስኪቀዘቅዝ 1 ሰዓት ያህል አለ፤ ጃኬት ያልለበሰ ሰው ግን ያንን ሰዓት አያገኘውም። ልብስ የሚመረጠው እንደ አየሩ ሳይሆን እንደ ውኃው ቅዝቃዜ ነው።

ማታና መውጫ

እሳት የሚፈቀድበት ቦታ ከሆነ በተዘጋጀው ማንደጃ ብቻ። ሲያልቅ ውኃ አፍስሱ፣ አመዱን አማስሉ፣ እንደገና አፍስሱ፣ በእጃችሁ ጀርባ ሙቀት እስከማይሰማችሁ ድረስ። የሽንት ቤቱ ጋን 20 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ አራት ሰው ሲጠቀምበት በ2 ወይም በ3 ቀን ይሞላል። አፋፉ እስኪደርስ አትጠብቁ፣ ለዚሁ በተሠራ ቦታ ብቻ አፍስሱ። እጣቢውንም እንዲሁ።

ከቦታው ስትነሱ ሹፌሩ ብቻውን አንድ ዙር ይዙር፤ ከሱ በኋላ ሌላ ሰው። መሰላሉ ገብቷል፣ የጣሪያ መስኮቶች ተዘግተዋል፣ ገመዱ ተነቅሏል፣ ጋዙ ተዘግቷል፣ የፍሪጁ በር ተቆልፏል፣ ታኮው ተነስቷል፣ የታንኳው ማሰሪያ ጠብቋል። ሁለት ሰው የሚዞረው አንድ ሰው በየቀኑ የሚያየውን ነገር ማየት ስለሚያቆም ነው።

ታንኳው ከውኃ ወጥቶ ወደ ሌላ ሐይቅ ከመሄዱ በፊት ይታጠብ፣ ጭቃና አረም ይወገድ፣ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፤ ከአንዱ ውኃ ወደ ሌላው የሚሻገሩት አረምና ቀንድ አውጣ የሚጓዙት በዚህ መንገድ ነው። ቤት ስትደርሱ ጋኑን አፍስሱ፣ ቧንቧዎቹን ክፍት ተዉ፣ የፍሪጁን በር በጨርቅ ገርበብ አድርጉት፤ ተዘግቶ ከቆየ ይሻግታል። ታንኳው በአፉ ተደፍቶ ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ።

ዕቃውን ስታወርዱ ሁለት ክምር አድርጉ፤ የተነካና ያልተነካ። ያልተነካውን መዝኑና ክብደቱን ጻፉት፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ቤት ይቀራል። የእሳት ማጥፊያው፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑ፣ መወርወሪያ ገመዱና ፊሽካዎቹ ግን ሳይነኩ ቢመለሱም ተመልሰው ወደ ቦታቸው ይገባሉ።